ስልሳ ስድስት ሳንቲሜትር

የካቲት 3፣ ሰኞ

ግንበኛው ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ጫማውን ግን በር ላይ አወለቀ... ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል። መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ ኮሪደሩን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። «እማማ፣ ቤቱ ጠንካራ ነው። ለማፍረስ ያሳሳል» አለ።

ያሳሳል? እኔን ምንም አላለኝም። እህቴ ከወደቀች ሦስት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ የሚያሳሳኝም የሚያስደስተኝም የለም። እበላለሁ። እተኛለሁ። አልጋዬን አነጥፋለሁ።

የሚሠራው ይህ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ይሰፋል፣ ደፉም ይነሳል። ገንዳው ይወጣና ተቀምጠው የሚታጠቡበት ይሠራል። የኮሪደሩ ጣውላ ተነስቶ የማያንሸራትት ሴራሚክ ይነጠፋል። ደጅ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ለባለጎማ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ይሆናሉ።

የእህቴ ልጅ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። «አክስቴ፣ እድሳት ሰው ያሳብዳል። በየቀኑ አንድ ጥሩ ነገር ፈልጊና ጻፊ። ሞራልሽን ይጠብቅልሻል።»

ሞራል... ለምን አንድ? ለምን ሁለት አይሆንም? አልጠየቅኋትም። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ እጽፋለሁ።

ጥሩ ነገር፦ ይህ ደብተር መስመር ያለው ነው።

የካቲት 4

ገንዳው ወጣ። ያለቦታው ሲያዩት እንዴት ትንሽ ነው! ደጅ ተገልብጦ ቀረ።

እህቴ ጠዋት ጠዋት እዚያ ውስጥ ታዜም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከቅኝት ውጭ። እኔ ከመኝታ ቤቴ ሆኜ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ። «ዝቅ አድርጊው» ማለቴ ነው። እሷ ከፍ ታደርገዋለች።

ግንበኛው ቅሬታ አለው። «እማማ፣ አንቱ ሲሉኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ። አንተ ይበሉኝ።»

«የማላውቀውን ሰው አንተ እንዳልል ነው የተማርኩት።»

«ስንት ቀን ሲሞላኝ ነው የሚያውቁኝ?»

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ እንደ ልጅ ይጠይቃል።

ጥሩ ነገር፦ ፍርስራሹን አንድ ጥግ ከመረው። ጥጉ የተባለው ጥግ ነው።

የካቲት 6

እህቴ ወዳለችበት ማገገሚያ ማዕከል ሄድኩ። እህቴ ወንበሯን በእጇ እየገፋች ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ግራ እግሯ አሁንም አይታዘዝም። ክንዷ ግን ጠንክሯል።

«እትዬ ማስመሪያ! ግንበኛውን ገደልሽው ወይስ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ሰዓት ያከብራል?»

«አያከብርም።»

«እንግዲያው በሕይወት መኖሩ ተአምር ነው።»

አልጋው የእሷ የሚሆነው እስከ መጋቢት 12 ነው። ከዚያ ሌላ ሕመምተኛ ይገባበታል። ቤቱ ካልደረሰ ልጇ ትወስዳታለች፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት አለው። «ሊፍት አለው፣ ግን ወርጄ የት እሄዳለሁ? መስኮት ዳር ተቀምጦ እርግብ መቁጠር ነው» አለች። ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ልወጣ ስል «ወለሉስ?» አለችኝ።

«ሴራሚክ ይሆናል። የማያንሸራትት።»

«እህ» አለች። አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ቆሜ መጣሁ፤ ወንበር ነበር።

ጥሩ ነገር፦ ክንዷ።

የካቲት 7

ውሃ የለም። ጥሩ ነገርም የለም።

(የለም ብሎ መጻፍ ከሥራ ማምለጥ ነው። ጥሩ ነገር፦ ሲሚንቶው በሰዓቱ መጣ።)

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ግንበኛው የኮሪደሩን ጣውላ ማንሳት ጀመረ። አንዱን በእጁ ይዞ ብርሃን ላይ አገላበጠው። «ኧረ ይሄ መስተዋት ነው እንጂ እንጨት ነው? ፊቴን አየሁበት። ማነው እንዲህ የሚወለውለው?»

«እኔ።»

«በሰም?»

«በሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«ያምራል። ግን እማማ፣ አይቆጡኝና... ይሄማ ሰው ይጥላል።»

አልተቆጣሁም። ደጅ ወጥቼ ብሎኬት ቆጠርኩ። መቶ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። መቶ አራት።

የወደቀችው ቅዳሜ ነው። ወልውዬ ጨርሼ ጨርቁን ሳጥብ ነበር። ድምፁን ሰማሁ፣ ሳህን የወደቀ መስሎኝ «ምን ሰበርሽ?» ብዬ ጮህኩ። «ምን ሰበርሽ»... ለሐኪሙ «አዳልጧት» አልኩት። ለልጇም «አዳልጧት»። ሐሰት አይደለም። ሙሉም አይደለም። እህቴ ስለ ሰሙ ለማንም አልተናገረችም፣ ለእኔም።

ስጽፈው አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። አላለቀስኩም።

ጥሩ ነገር፦ ብሎኬቱ አልጎደለም።

የካቲት 14

በሩን ነደፍኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ስነድፍ የኖርኩ ነኝ፤ የአንድ በር ንድፍ ለግንበኛ አልሰጥም። ማገገሚያው ሄጄ ወንበሯን ለካሁት። ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ 64 ሳንቲሜትር። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ሲጨመር 66።

ግንበኛው ወረቀቱን አይቶ ጆሮውን አከከ። «ሰማንያ አምስት እናድርገው።»

«ለምን?»

«እንዲሁ... ሰፋ ይበል። ሰው ነው የሚያልፍበት።»

«እንዲሁ የሚባል ልክ የለም። ወንበሩ 64 ነው።»

«እማማ፣ እኔ ደግሞ እጄ ነው የሚነግረኝ።»

«እጅዎ ማስመሪያ አለው?»

ሳቀ። እሺ አለ። ንድፉ ንጹሕ ነው። መስመሮቹ አልተንቀጠቀጡም።

ጥሩ ነገር፦ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

የካቲት 20

ምድጃው ኮሪደር ላይ፣ ልብሶቼ ወጥ ቤት፣ እኔ ሳሎን። በሻዩ ውስጥ አሸዋ አለ። ጠጣሁት።

የእህቴ ልጅ ዛሬም «እንዴት ነሽ፣ አክስቴ? በርቺ እንጂ!» አለች። በርቻለሁ፤ የማልበረታው መቼ ነው? ግን ብርታት እንዲህ ነው እንዴ? ጠዋት ጸጉሬን ሳበጥር መስተዋቱ አቧራ ለብሷል። አልወለወልኩትም። ያለ መስተዋት አበጠርኩ።

ጥሩ ነገር፦ ሴራሚኩ ሲረገጥ ይሻክራል። በባዶ እግሬ ሞከርኩት።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

በሩ አለቀ። መቃኑ ገባ፣ ልስኑ ደረቀ። ለካሁት፦ 66.0። ከላይም ከመሃልም ከታችም።

ግንበኛው «እንዲህ ዓይነት በር ሠርቼ አላውቅም» አለ። ምስጋና መሰለኝ።

ጥሩ ነገር፦ 66.0።

መጋቢት 2

ማገገሚያው ለሙከራ ተመሳሳይ ወንበር አዋሰን። ግንበኛው መወጣጫው ላይ እየገፋ አስገባውና «ባዶውን ላሳልፈው?» አለ። እኔ እሞክረዋለሁ አልኩ። ተቀመጥኩበት።

ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከኋላው ቆሜ ገፍቼዋለሁ እንጂ።

ከዚያ ተቀምጠው ሲያዩት ኮሪደሩ ይረዝማል። መዝጊያዎቹ ከፍ ይላሉ። እህቴ ስትገፋ እንደማየው ጎማውን ከውጪ በኩል ይዤ ገፋሁ። ወንበሩ አለፈ። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ ልክ እንደ ንድፉ። እጄ ግን አላለፈም። ሁለቱም እጆቼ በጎማውና በመቃኑ መሃል ተያዙ።

ግንበኛው ወደ ኋላ ሳበኝ። የጣቶቼ አንጓዎች ተልጠዋል። ልጅ ሳለሁ ድምር ስሳሳት የሒሳብ መምህሬ በማስመሪያ የሚመቱኝ እዚያው ላይ ነበር። ያን ጊዜ ያመኝ ነበር። ዛሬ ደሙን አየሁት እንጂ አላመመኝም።

ወንበሩን ለካሁ፤ እህቴን አልለካሁም።

ግንበኛው «ነግሬዎት ነበር» አላለም። ውሃ አመጣ። ከዚያ «እጅ የሌለው ሰው የነደፈው በር ይመስላል» ብሎ ራሱ ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ፣ አፌ ነው።»

«ልክ ነዎት» አልኩት። ሰው ልክ ነው ካልኩ ስንት ዓመቴ ነው?

ጥሩ ነገር፦

(ባዶውን ተውኩት።)

መጋቢት 3

የእህቴን ልጅ ራሴ ደወልኩላት። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አንቺ? በምኑ?»

«በበሩ። ጠቦ ተሠራ። እንደገና ይፈርሳል።»

«አክስቴ... ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። የባቡር ቲኬት ቆርጫለሁ እኮ። አሥራ ሁለት ላይ መጥቼ ካልደረሰ ይዣት ነው የምመለሰው። ሁለት ጊዜ አልመላለስም።»

«አውቃለሁ።»

«ክፉ ሆኜ አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ከዚያ ለእህቴ ደወልኩ። በሩን ነገርኳት። ረጅም ሳቅ ሳቀች፤ እስኪያስላት። «ማስመሪያ ተሳሳተች! ነርሷን ጥሩልኝ፣ ትስማ!» ስለ ሰሙም ልነግራት ነበር። አፌ ድረስ መጣ። «ደህና ዋይ» አልኩ።

ጥሩ ነገር፦ ሳቋ። ዛሬ ቶሎ አላለቀም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

መቃኑ ወጣ። አዲሱ ልስን ፈረሰ። ከበሩ አጠገብ የተነጠፈውም ሴራሚክ ተነሳ፣ ሰባቱ ተሰበሩ። ግንበኛው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የመጣው። ሦስት ቀን ሆነው እንዲህ መምጣት ከጀመረ። አይቻለሁ።

ፍርስራሹን በባልዲ እኔ አወጣሁ። «ኧረ ይቀመጡ!» አለ። አልተቀመጥኩም። ግማሽ ባልዲ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ስጨርስ ወገቤን አመመኝ። ጣቶቼንም። ቁስሉ ዛሬ ነው ማመም የጀመረው... አራት ቀን ዘግይቶ።

ጥሩ ነገር፦ ያማል።

መጋቢት 10

በሩ 84 ሆነ። ንድፍ የለውም። ግንበኛው እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ክርኑን እያወዛወዘ ሁለት ጊዜ አለፈበትና «በቃ» አለ። ልኩ ይህ ነው።

ማታ ሊሄድ ሲል ውሃ ልኩን መቃኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ... በቀኝ በኩል ሁለት ሚሊሜትር ዘሟል።»

ማስመሪያዬን አምጥቼ አየሁ። ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው።

«ላውልቀው? እርስዎ እንደዚህ አይኖሩበትም፣ አውቅዎታለሁ።»

«ቢወልቅ ለአሥራ ሁለት ይደርቃል?»

«አይደርቅም።»

መቃኑን አየሁት። ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ፣ እስክሞት።

«ተወው» አልኩት።

ውሃ ልኩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በር ላይ ሲደርስ ዞረ። «ተወው አሉኝ እኮ። አንተ አሉኝ!»

«ሂድ፣ ይመሽብሃል።»

እየሳቀ ሄደ።

መጋቢት 12

መጡ። ልጇ ሻንጣ ይዛለች፣ ሁለት። አንደኛው የእህቴ ነው፤ የትኛው ቤት እንደሚገባ ገና አልታወቀም። በመወጣጫው ልትገፋት ስትል «ልቀቂኝ» አለቻት። ራሷ ወጣች። ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዝቅ ብላ ሴራሚኩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው።

ልጇ አጠገባችን ነበረች። ቢሆንም ተናገርኩ።

«ሰሙ ነው የጣለሽ። እኔ ነኝ።»

ልጇ ወደ እኔ ዞረች። እህቴ ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። እኔ ነኝ የወደቅኩት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ስትናገሪ ልየው ብዬ። አራት ወር ፈጀብሽ።» መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ተናድጄብሽ ነበር። አሁንም ትንሽ አለ። ያልቃል መሰለኝ።»

ከዚያ ወንበሯን ወደ መታጠቢያ ቤቱ አዞረች። ገፋች። ክርኗም እጇም አለፉ። ውስጥ ሆና ዞረች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። ሦስተኛ ስትወጣ መቃኑ ስር ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሄ ነገር ጠማማ ነው እንዴ?»

«ሦስት ሚሊሜትር።»

«አውቀሽ ተውሽው?»

«አውቄ።»

ወደ ልጇ ዞራ «ሻንጣዬን አግቢው» አለች። «አክስትሽ ታማለች፣ ትቻት አልሄድም።»

ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩ። ሻዩ ፈላ፣ ገነፈለ፣ ምድጃውን አጠፋው። እኔ ቆሜ እያለቀስኩ ነበር። አላጸዳሁትም፣ እንዲሁ ይደር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

የሰሙን ጨርቅ ጣልኩት።

ጥሩ ነገር፦ አሁን ከግድግዳው ወዲያ ውሃ እየወረደ ነው፣ እህቴም እያዜመች ነው። ከቅኝት ውጭ፣ ያውም ከፍ አድርጋ። እጄን አነሳሁ... አንጓዬ ላይ ያለውን ቅርፊት አየሁት። ግድግዳውን አላንኳኳሁም።