የማትከፈተው ማሽን

ውድ አባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አስቤ ተውኩት። ትናንት ቤት መጥቼ፣ እስክትመለስ እንኳ ሳልጠብቅህ እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ መውጣቴን እማዬ ነግራሃለች። ጭንቅላቴ ዞሯል። የአዲሷ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ፈርሜ ወደ ፋብሪካው መላክ አለብኝ፤ እስካሁን ግን አልፈረምኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከጥገና ቤትህ የደወልክልኝን ታስታውሳለህ? አንዲት ደንበኛ የምትጮህ ማሽን አምጥታልህ ነበር። "ልጄ፣ ብሎን ስፈልግላት ዋልኩ እኮ! ይቺ ነገር በየት በኩል ነው የምትከፈተው?" አልከኝ።

"እኔ እንጃ አባዬ" አልኩህ።

ውሸቴን ነው። ገንዳዋን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ድሮ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን ይታሰር የነበረውን በሙቀት አጣብቄ አንድ አደረግኩት። አያንጠባጥብም፣ አይጮህም፣ በግማሽ ውሃ ያጥባል፤ ተሸልሜበታለሁም። ውስጥ ያለው የማሽከርከሪያው ኩሽኔታ ሲበላ ግን፣ ገንዳው ስለማይከፈት ማሽኗ እንዳለች ትጣላለች። አንተ በአንድ ከሰዓት የምትቀይረው ኩሽኔታ! አሻሻልኩ ወይስ አበላሸሁ? ብትጠይቀኝ በሁለቱም እምላለሁ።

ትናንት ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ስከፍት፣ ስትጨምቅ ከግድግዳ ግድግዳ የምትንከራተተው አሮጌዋ ማሽናችን የለችም። በቦታዋ የኔዋ ቆማለች።

"አባትሽ ነው ያመጣት" አለች እማዬ። "'ልጄ የሠራቻት ናት' እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳየ።"

"እኔ መሆኔን በምን አወቀ?"

"የደወለልሽ ዕለት ነዋ! 'ይቺ ልጅ ስትዋሽ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ የሠራቻት እሷው ናት' ብሎ በሳቅ ፈረሰ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ባለፈው ወር ጥገና ቤቱን እንደዘጋህ ነገረችኝ። "ጉልበቴን አመመኝ ነው የሚለው።"

ጉልበትህ ነው አባዬ ወይስ እኔ ነኝ? ሳቅህን ልመን ወይስ መዝጋትህን? አፈርኩ፤ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቴ ተናደድኩ።

ማሽኗን ከግድግዳው ስቤ ጀርባዋን አየሁ። አሮጌዋ ላይ በጠገንካት ቁጥር በሚስማር የጫርካቸው አሥራ አንድ ቀኖች ነበሩ። እዚህ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የገዛህበት ቀን። ከሥሩ ግን በማስመሪያ አሥር ባዶ መስመር አስምረህ ትተሃል። ማን እንዲሞላቸው ነው? እንደማትከፈት እያወቅክ?

ማሽኗን መልሼ ወደ ግድግዳው ገፋኋት። አንተን መጠበቅ ፈራሁና ወጣሁ።

አሁን በአዲሷ ንድፍ ላይ፣ እንደ ድሮው አጣብቄ በነደፍኩት ገንዳ ዙሪያ በእርሳስ አሥራ ስምንት ብሎን ሥያለሁ። አለቃዬ ይስቅብኝ ይሆናል። ምናልባትም ነገ ጠዋት እኔው ፈርቼ በላጲስ አጠፋቸዋለሁ፤ ራሴን አላምነውም። ከዚያ በፊት ግን የዚያን ቀን ጥያቄህን ልመልስልህ፦ በየትም በኩል አትከፈትም አባዬ። የዘጋኋት እኔ ነኝ።

ትንፋሿ ሳይቆራረጥ የጻፈችልህ፣
ልጅህ