የእናታችንን ቤት ማን ያሻሽጥልን?

ሰኞ፣ ሰኔ

ከወንድሜ ከአህመድ ጋር ዛሬም ሳንስማማ ዋልን። እሱ ቤቱን ደላላው ጋሽ ተገኘ ያሻሽጥልን ይላል። እኔ ሰውየውን አልወደድኩትም።

ጠዋት መጥቶ ነበር። ግድግዳውን በከዘራው እየቆረቆረ ዞረና የጓሮዋን ክፍል በር ገፋ አደረገው። እማ ፋጤ ቁርኣን እየሰሙ ተቀምጠዋል፣ ከሬዲዮ። ሰላምም አላላቸው። ወደኔ ዞሮ፣ «አሮጊቷ አስቀድማ ትውጣ። ሰው ያለበት ቤት ገዢ ያሸሻል» አለ። የሰሙ አይመስለኝም። ምነው ባልሰሙ።

እማ ፋጤ ዘመዳችን አይደሉም። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፣ ከሷ ጋር የኖሩ። እናቴ አልጋ ላይ ስትውል ያገላበጧትም፣ ያጠቧትም እሳቸው ናቸው። እናቴ ስለሳቸው አንድም ቃል ሳትናገር ሞተች። መናገር ያስፈልጋል ብላ አላሰበችም ይሆናል።

ቤቱን ግን መሸጥ አለብን። እኔ ወደ ደሴ ትምህርት ቤት ተዛውሬያለሁ፤ አህመድ ኑሮው አቀስታ ነው። ባለቤቱ የሌለበት ቤት ላይ ደግሞ ቀበሌው ዓይኑን ይጥላል። ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ ቤት መሸጥ ተፈቅዷል፤ ነገ ምን እንደሚታወጅ ግን ማን ያውቃል።

ሰይድ የሚባል ሰው የድለላ ፈቃድ አውጥቷል፣ እሱን እንሞክር ስለው አህመድ ሳቀ።

«ቤት አሻሽጦ የማያውቅ ደላላ? በኛ ቤት ይማር እንዴ፣ እታለም?»

ቢሆንም ይምጣና እንየው አልኩት።

ማክሰኞ

ሰይድ መጣ። ቀድሞ የገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ፈቃዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ይዞታል፤ ሳንጠይቀው አውጥቶ አሳየን። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ ያሻሻጥኩት ቤት የለም» አለ።

አህመድ አየኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጋሽ ተገኘ ስለ አንድም ነገር አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ሰይድ ወደ ጓሮ ሄዶ እማ ፋጤን፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ለምን እንደመጣ ግን አልነገራቸውም። እኛም አልነገርናቸውም። ገዢ ሲገኝ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነው።

አህመድ እስከ ቅዳሜ ይሞክር አለ። እስከዚያ ካልሆነለት ጋሽ ተገኘ።

ሐሙስ



እኔ ተማሪ ስፈትን፣ አህመድ ገበያ ሳለ፣ ሰይድ ገዢ ይዞ መጣ። ከኩታበር የመጡ ባልና ሚስት። ሚስትየዋ የጓሮዋን ክፍል እያየች፣ «ይሄን አፍርሰን ወጥ ቤት እንሠራበታለን» አለች። እማ ፋጤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እየሰሙ።

ስመለስ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ቆሟል። ቁልፉ መስኮቱ ላይ። እሳቸው የሉም።

ሰይድ የሆነውን ሲነግረን አህመድ ኮሌታውን ያዘው። «ቤት ሽጥ አልንህ እንጂ እናት አባር አልንህ?» ሰይድ እጁን አላነሳም። «ጥፋቱ የኔ ነው። አስቀድሜ ለሳቸው መናገር ነበረብኝ» አለ፤ ካፊያው እየመታው ወጣ።

መስጊድ ፈለግን፣ ገበያ ፈለግን፣ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ አንኳኳን። አላየናቸውም ነው መልሱ። ሰይድን መውቀስ ቀላል ነው። መናገር የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሴት ናቸው።

ዓርብ

ማለዳ ጋሽ ተገኘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወሬው ደርሶታል።

«እንኳን ተገላገላችሁ!» አለ። «ጥሩ ገዢ አለኝ፣ ነገውኑ እናፈራርማለን።»

አህመድ አሁን እሺ ይለዋል ብዬ ፈራሁ። አህመድ ግን ጫማውን እያሠረ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ እኛ ሰው ጠፍቶብን ነው ያለነው» አለው። 

ቀትር ላይ ሰይድ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። አግኝቷቸዋል። የወንድማቸው ልጅ ዘንድ፣ ማሻ ወደሚባለው ገጠር ሊሄዱ በእግራቸው ወጥተው፣ እግራቸው አብጦባቸው መንገድ ዳር ገበሬ ቤት አርፈዋል።

«ታዲያ ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም?» አልኩት።

«ያስወጣኋቸው እኔ፣ ‹ይመለሱ› የምልም እኔ? በምን አፌ? እናንተ ሂዱ» አለ።

አህመድ በቅሎ ተዋሰና ሄድን። እማ ፋጤ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው አገኘናቸው። ሲያዩን አለቀሱ፣ ከዚያ ተቆጡ።

«ቤቱ የናንተ ነው፣ ሽጡት። አንጀቴን የቆረጠው ከባዳ አፍ መስማቴ ነው። አንቺ ልትነግሪኝ አትችይም ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

«እኔን?»

ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።  በኋላ እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። አህመድ አቅፎ በቅሎዋ ላይ አወጣቸው፤ ልጓሙን ራሱ እየሳበ መጣ።

ቅዳሜ

አህመድ ቁርስ ላይ፣ «ሰይድ ይሽጠው» አለ። 

«ከትናንት ወዲያ አስቆጥቶህ የለ?»

«አስቆጥቶኛል። ግን ሲያጠፋ ሄዶ ይፈልጋል። ያኛው ቢያጠፋ የምንፈልገው እኛው ነን።»

ሰይድን ጠርተን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅነው፦ እማ ፋጤ እድሜያቸውን ሙሉ የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፣ ይህም በውሉ ይጻፋል። ራሱን ነቀነቀ። «ገዢ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ግን እሞክራለሁ።» የኩታበሮቹ ሲሰሙ ትተው ሄዱ።

ረቡዕ

አራት ቀን ሙሉ ገዢ የለም። አህመድ ንግዱ ቆሞበታል፣ አይናገርም እንጂ ይነጫነጫል። የደሴ መንገድ ወሬውም መልካም አይደለም፤ በጦርነቱ ምክንያት መኪና አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ተሳስተን ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

ዓርብ

ሰይድ አንዲት ሴት ይዞ መጣ። የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፤ ልጆቻቸውን ከተማ ለማስተማር ቤት የሚፈልጉ። ሰይድ ወደ ሳሎኑ አላስገባቸውም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰዳቸውና፣ «መጀመሪያ እሳቸውን ያነጋግሩ» ብሎ ራሱ ደጅ ወጥቶ ቆመ። እኔና አህመድም ቆምን።

ምን እንዳወሩ አልሰማንም። ብዙ ቆዩ። አንዴ የእማ ፋጤ ሳቅ ተሰማ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር።

ሴትየዋ ከወጡ በኋላ ገባሁ። «እንዴት ናቸው?»

«ባሏን ቀብራ የመጣች ናት» አሉኝ። «በሬን ሳታንኳኳ አትገባም። ሽጪላት።»

ሰኞ

ማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን። የጓሮዋ ክፍል ነገር ውሉ ውስጥ አለ፤ ሰይድ ጮክ ብሎ አነበበው። እማ ፋጤ በእማኝነት አውራ ጣታቸውን አተሙ። ቀለሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «በሉ እንሂድ፣ ዝናብ ሳይዘን» አሉን።

ነገ መኪና ከተገኘ ወደ ደሴ እሄዳለሁ።