የበረዶ ላይ ዳኞችና የታደለ እግር

ሰኞ

ሁለተኛ ወጡ። ሰማያዊ የለበሱት፣ በረዶው ላይ ሲደንሱ እንደዚያ ሲያምሩ የነበሩት፣ ሁለተኛ! ባሌ ታደለ በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ መታና "ሌቦች" አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ በማንም ተቆጥቶ አያውቅም። ዝም ነው።

እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች በረዶ የምናውቀው ከጫሞ ሐይቅ በሚመጣው የዓሣ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰው በላዩ ይደንሳል ብሎ ማን አሰበ። ቴሌቪዥኑን ስነካካ ድንገት አገኘነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እየሆኑ ይገባሉ፣ ይደንሳሉ፣ ነጥብ ይሰጣቸዋል። አሁን እሱን ካልከፈትኩለት አይበላም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከግቢ አይወጣም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩለት ሲመጡ መኝታ ቤት ይገባል፤ እግሩን ሲጎትት ሰው እንዳያየው ነው። ባለፈው እሁድ አብረን እንሂድ ብዬ ብለምነው "ከዚህ ግቢ የሚወጣው ሬሳዬ ነው" አለኝ። ያቺ ቃል ከሆዴ አልወጣ አለች።

ማክሰኞ

ልጃችን ምህረት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። አባቷ ሰላም እንኳ ሳይላት ስለ ዳኞቹ ጠየቃት። ስልኳ ላይ ስታነብ ቆየችና አስረዳችን። የገባኝን ልጻፈው።

ዳኞቹ ሁለት ቡድን ናቸው። አንደኛው ምን እንደተሠራ ብቻ ነው የሚያየው። ቪዲዮውን እያዘገየ ይመለከትና ደረጃ ይሰጣል፤ ትልቁ አራት ነው። ሌላው ደግሞ ምን ያህል አምሮ እንደተሠራ ነጥብ ይሰጣል። ታደለ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ወዲያው ገባው። "አንዱ ትራፊክ፣ አንዱ ተሳፋሪ በይኛ" አለ። ምህረት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ ሰማያዊዎቹን አዘግይታ አሳየችን። በአንድ እግር እየተሽከረከሩ ወደፊት የሚሄዱበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የሴቷ ሌላኛው እግር በረዶውን ነካ አደረገ። ትናንት ዓይናችንን ተክለን አይተን ይህን አላየንም። ለካ እኔ ቀሚሷን ነበር የማየው። "ሌቦች" ያለውም ሰው ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ሽክርክሪቱና እርምጃው ላይ ደረጃ የሚሰጠው ለየብቻ ነው፤ ለወንዱ አራት፣ ለሴቷ ሁለት ሊሆን ይችላል። ጥንድ አይደሉም እንዴ?

ረቡዕ

እግሩን የሚያለማምደው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት መጣ። ከበረንዳው እስከ ማንጎው ዛፍ አስኬደን። አስኬደን የምለው እኔ ብብቱ ስር ገብቼ ስለተሸከምኩት ነው። ልጁ ሰው አክባሪ ነው፣ ግን የሚለውን ከማለት አይመለስም። "እናቴ፣ እየተራመዱ ያሉት እርስዎ ነዎት" አለኝ። ይልቀቁት አለ። ምን አለበት እሱ፣ አልኩ በሆዴ። ቢወድቅ የማነሳው እኔ።

ታደለ ሰምቶ ኖሯል። ልጁ ሲሄድ "የዛሬውን አራት ደረጃ አንቺ ወሰድሽው" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

ሐሙስ

ለቀቅኩት።

ትንሽ ሄደ። ግራ እግሩን እየጎተተ፣ ግን ብቻውን። ከዚያ ወደቀ። ክርኑ ተላጠ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል "ምን ሆናችሁ?" አለች፤ እሱን በሐፍረት የገደለው ይሄ ነው። አንስቼ ሳስገባው ዓይኔን አላየም። የሚወደውን ኩርኩፋ፣ የበቆሎውን ድብልብል፣ በሽፈራው ቅጠል ሠርቼ አቀረብኩለት፣ እጁን አልዘረጋም። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያንን ይልቀቁት ያለኝን ልጅ ረገምኩት፤ በኋላ ጌታ ይቅር ይበለኝ አልኩ። እኔው ነኝ የለቀቅኩት።

ዓርብ

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። ቴሌቪዥኑን ልክፈተው? ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። ምህረት ስትደውል ተኝቷል አልኳት። ያ የሬሳ ነገር እውነት ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ዛሬ መጻፍም አስጠላኝ።

ቅዳሜ

ምህረት መጣች፤ የመጨረሻውን ዳንስ ይደግሙታል ብላ ማንንም ሳትጠይቅ ከፈተችው። መጀመሪያ አልዞረም። ሙዚቃው ሲጀምር ዞረ።

ሰማያዊዎቹ አይደሉም፣ ሌሎች ናቸው። መሀል ላይ ወንዱ ድፍት አለ። ሴቷ ብቻዋን ትንሽ ሄደች፣ ዞረች፣ ተነስቶ ሲደርስባት እጁን ያዘችና ቀጠሉ። ውጤታቸው ሲመጣ አንድ ነጥብ ተቀንሷል።

"ከማን ነው የቀነሱት?" አለ ታደለ። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ምህረት "ከሁለቱም ነው፣ አባዬ። ድምሩ የጋራ ነው" አለችው።

"እሷ አልወደቀችም እኮ።"

"አልወደቀችም።"

ሌሎች ጥንዶች ገቡ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ።

"ሐሙስ ዕለት አንቺንም አመመሽ አይደል?"

ነጠላዬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። እንባዬን አየና "ለነገ ሱሪዬን ተኩሺልኝ" አለኝ።

እሁድ

ሄድን። ባጃጁ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አወረደን። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ይየና። ታደለ ኪሱ ውስጥ የሚደብቀውን ግራ እጁን አውጥቶ ሰጠኝ። አልደገፍኩትም፤ ያዝኩት ብቻ። አንዱ ሽማግሌ ሊያግዘን ሲሮጥ በዓይኔ መለስኩት። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስንወጣ ተንገዳገደ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፣ ግን ቆሞ ተነፈሰና ቀጠለ።

አሁን ደክሞት ተኝቷል። የሚመጣው እሁድ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዛሬ ግን ሰው ፊት ወጥተናል፣ ሁለታችንም።