የግራኙ አካፋ

ማዮ፣ አየርላንድ
በሰኔ መጀመሪያ

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት እስር ቤት ድረስ ይድረስህ። ሳልህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ላሟም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ ካንተ ቀድሞ ለሚያነበው ወታደርም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እሱም የምትናፍቀው እናት አያጣም።

ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። የምናነደው የማገዶ አፈራችን ከረግረጉ ተቆርጦ ሳይደርቅ ብርዱ ከሚደርስብኝ፣ በአዲሱ መንግሥት ላይ ጠመንጃ አላነሣም የሚለውን ወረቀት ፈርመህ እንደምትወጣ ጽፈህልኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ዘለለ። መጀመሪያ ከእንግሊዞች፣ አሁን ደግሞ ከትናንት ጓዶችህ ጋር ስትታኮስ፣ ስንት ዓመት ገናን አብረን ሳንውል ቀረን። ፈርምና ና ብዬ ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር።

ረግረጉ በእርግጥም ሳይነካ ቆይቶ ነበር። እንግሊዞች ሊይዙህ ሲያሳድዱህ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ይቆርጥልን እንዳልነበር፣ ቄሱ ከመሠዊያው ፊት ቆመው እናንተን አማፂዎቹን ካወገዙ ወዲህ ሁሉም ወገቡን ያመዋል። ሽማግሌውን ፌስተስን መንገድ ላይ ባገኘው፣ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ለሪፐብሊክ እንጂ ለማገዶ አልተዋጋ፣ እንግዲህ ሪፐብሊኩን አንድጂው አለኝ። እኔም አንተን ባነድህ ይሻለኛል፣ ደህና አድርገህ ደርቀሃል አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ግን ጎረቤታችን ዲሊያ እየሮጠች መጣች። ረግረጋችን ተቆርጦ፣ አፈሩ እንደ ጡብ ተደርድሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ቦታው ከተራራው ጀርባ ስለሆነ ሲቆረጥ ያየ የለም። ብትጠይቅ ብታጠያይቅ ሁሉም እኔ አይደለሁም አላት። እንግዲያው መልአክ ነው አለች። ፌስተስ ሄዶ የተቆረጠበትን ጎን አየና፣ መልአኩ ግራኝ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ የቀለደ ሰው የለም። በዚህ መንደር ስለቱ በስተግራ የታጠፈ አካፋ አንድ ብቻ ነው፤ አባትህ ለማን ብሎ እንዳሠራው ታውቃለህ።

ስሙን አልጽፍም። የመንግሥቱን የደንብ ልብስ የለበሰ ቀን፣ ካሁን ወዲያ ወንድም የለኝም፣ ስሙንም እንዳትጽፊልኝ ብለኸኛል። ደግሞስ ከጦር ሰፈሩ ወጥቶ ለአማፂ እናት ማገዶ የቆረጠ ወታደር ምን እንደሚያገኘው፣ ቀድሞህ የሚያነበው ሰው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ እኔ ማንንም አላየሁም።

ዲሊያ ግን ማገዶውን አይታ፣ ልታነድጂው ነው እንዴ? ልጅሽ ከዚያ እጅ ውሃ እንኳ እንዳትቀበዪ ብሎሽ የለም ወይ? አለችኝ። የደረቀውን አምጥቼ አነደድኩት። እንደማንኛውም ማገዶ ይነዳል፤ ትንሽ ይጨሳል።

በዚያ ባላየሁት ሰውዬ ግን ተናድጄበታለሁ። ቤቴን አሞቀልኝ፣ አንተን ግን አስቀረብኝ። አሁን ስለ እኔ ብርድ ብለህ የምትፈርምበት ምክንያት የለህም፤ እሱም ይህን አውቆ ነው ያደረገው። አንድ ማታ ብቅ ብሎ፣ በማገዶ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ከሚወጣ፣ ቀና ብሎ እዚያው ይቀመጥ አለ። ሳሉ ተሻለው ወይ ብሎም ጠየቀኝ። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ቅቤ ቀባሁለት። ድንቹን ቆሞ በላ። ምድጃው አጠገብ ካንተ ወንበር ሌላ ስለሌለ እሱ ላይ ተቀመጥ ስለው፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድልኝ አልቀመጥም ብሎ እንደቆመ ሄደ።

ስለ ወረቀቱ እንግዲህ ልብህ ያለህን አድርግ፤ እኔ ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። የምጠይቅህ ስለ ወንበሩ ብቻ ነው። ሁለት ቃልም ብትሆን ጻፍልኝ።

እመቤታችን ደረትህን ታሙቅልህ፣ አምላክ በሩን ይክፈትልህ፤ በሩ ሲከፈትም ፊትህን ወደ ቤት ያዙርልህ።

የሁለታችሁ እናት