ክር የታሰረበት ኩባያ

ለልጄ ለትህትና፣ ባለሽበት አገር እመብርሃን ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ መቱ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ለአራስነትሽ የሚሆን ማር ከሁሩሙ አስመጥቻለሁ፤ ወዳንቺ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

ለወላዶች የሚሆን ደም ጠፋ ሲባል ሄጄ ሰጥቼ ነበር። ኋላ ጠሩኝና፣ ደሜ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ስለተገኘበት ለሰው እንደማይሰጥ ነገሩኝ። ይሁን፤ የሐኪም ክትትል ጀምሬያለሁ። የማርያም ማኅበርተኞቼ ግን ወሬውን ሰምተው ለእኔ ብቻ ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ አቀረቡልኝ! እትዬ ሙላቷ «ለጥንቃቄ እኮ ነው አስካለ» አሉኝ። ክሩን በጥሼ ጣልኩና ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኩት። «አብሮ በመብላትና በመጠጣት አይተላለፍም ብሎኛል ሐኪሙ። ለጥንቃቄማ ሄደው ይመርመሩ!» አልኳቸው። በሚመጣው ወር ተረኛዋ እኔ ነኝ። ጠላውን የምጠምቀው በዚሁ እጄ ነው፤ የፈራ ይቅር።

ወንድምሽ ዲበኩሉ ተመርምሮ ነፃ ሆነ፤ ክትባቱንም ጀመረ። አንቺን ሳስብ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል አሉኝ። የእኔ ዓለም፣ እባክሽ ሳትወልጂ ተመርመሪ። ቢገኝብሽም አትደንግጪ፤ ሕፃኑ ወዲያው እንደተወለደ ከተከተበ ይከላከልለታል። ኩባያሽ ላይ ክር የሚያስር ካለም በጥሰሽ ጣይ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔ ሳላውቅ ወለድኩሽ፤ አንቺ አውቀሽ ውለጂ።

እናትሽ አስካለማርያም