ቀይዋ መኪናና የዑመር ገመዶች

ዓርብ፣ ነሐሴ 29

ቁልፉን አዞርኩ፤ ክላክሱ ጮኸ። ክላክሱን ተጫንኩ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ አለና ዝም። የፊት መብራቱ ደግሞ ማንም ሳይነካው በራ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ስፈታና ስገጥም እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም።

ጭንቅላቴ ቢጠራ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። መኪናዋ የጣሊያን ሥሪት ናት፤ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና። ባለቤቷ የመሬት ከበርቴ ነበር፤ የመሬት አዋጁ ሲመጣ ጥሏት ጠፋ። ስድስት ዓመት እዚሁ ቆቦ ማሽላ መጋዘን ውስጥ አቧራ ስትጠጣ ኖረች። አሁን የወረዳው ካድሬ አገኛት። ቀይ ስለሆነች በአብዮት በዓል ከሰልፉ ፊት ትሂድ ብሏል። በዓሉ መስከረም ሁለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሁሴን ከጎብዬ አንድ ኩንታል ማሽላ ያለ ፈቃድ ኬላ አሳለፍክ ተብሎ ከታሰረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። "መኪናዋ ከተነሳች ወንድምህ ይፈታል" አለኝ ካድሬው። ካልተነሳችስ? ስለው፣ "አሻጥር ነዋ፤ አንተም አብረኸው ትገባለህ።" እየሳቀ ነው ያለው። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

ሞተሩ ከፈራሁት ይሻላል። ፒስተኖቹ ደርቀው ተጣብቀው ነበር። ትናንት በየካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ ጨምሬ አሳደርኩት። ዛሬ በእጄ ሳዞረው እምቢ፣ እምቢ፣ ከዚያ እሺ አለ። አልሐምዱሊላህ።

የተሠራ፦ ካርቡራተር ታጠበ (ሁለት አላት፤ ሁለት ምን ያደርግላታል?)። ካንዴላ ተወለወለ። የቤንዚን ቱቦ ተቀየረ።
ያልተሠራ፦ ኤሌክትሪኩ በሙሉ።

ገመዱ ሁሉ ጥቁር ነው። ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ። የድሮው ተቃጥሎባት የዋጃው ኤሌክትሪክ ሠሪ ዑመር፣ አላህ ይማረው፣ እንደ አዲስ የዘረጋላት ነው አሉ። በሕይወት ቢኖር ሄጄ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ከዳሽቦርዱ ሥር አራት ሪሌይ ተደርድሯል፤ ቁልፉ ትንሽ ኃይል ሲልክላቸው ትልቁን ኃይል የሚለቁ ትንንሽ ሣጥኖች። የትኛው የሞተሪኖ፣ የትኛው የመብራት፣ የትኛው የክላክስ እንደሆነ ከአላህና ከዑመር በቀር የሚያውቅ የለም። አራተኛውንስ ዑመርም የሚያውቀው አይመስለኝም።

እሑድ፣ ጳጉሜ 1

አይጥ ገመዱን በልታዋለች። በየጫፉ ላስቲኩ ተቆርጧል፤ አንዱ ላይ አንዴ፣ ሌላው ላይ ሁለቴ ሦስቴ። ማሽላ ሞልቶላት ላስቲክ መብላቷ! ቀኑን ሙሉ የተበላውን በፕላስተር ስጠቀልል ዋልኩ። ሃያ ስድስት ገመድ። ሲያልቅ ኮራሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ቁልፉን አዞርኩ። ክላክሱ ጮኸ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 2

ምንም። ሪሌዮቹን አቀያየርኳቸው፤ አሁን ደግሞ ክላክሱን ስጫን ፍሬቻው ይበራል። ፊውዝ ተቃጠለ። የቱን ከየት እንዳወጣሁ ወረቀት ላይ እጽፍ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የገዛ ጽሑፌን ማንበብ አቃተኝ። ካድሬው መጣ፤ ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ "ቅላቷስ ጥሩ ነው" ብሎ ሄደ። ፈርቻለሁ። ለሚስቴ ግን ትንሽ ነው የቀረኝ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 3

የሁሴን ሚስት ዘሀራ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ ጋራዡ ገባች። ከብት መሃል ያደገች የቆላ ልጅ ናት። ሁሴን እንደከሳ ነገረችኝ። ዓይኗ ሳልጠቀልለው በቀረ አንድ ገመድ ላይ ነበር።

"ጋሼ ይማም፣ ይሄን ማነው የበጣው?"

"አይጥ።"

"የምን አይጥ! አይጥ እንዲህ አስተካክላ ትበጣለች? ይሄ እኮ የጆሮ ምልክት ነው። የኛ ላሞች ቀኝ ጆሯቸው ሁለቴ የተበጣ ነው፣ ያጎቴ ግራው አንዴ። መንጋው ሲደባለቅ በሱ እንለየዋለን።"

ወላሂ እውነቷን ነው። ዑመርም የከብት አርቢ ልጅ ነበር። ባለ ቀለም ገመድ ሲያጣ እንዳባቱ ከብት ምልክት አበጀለት፤ የአንዱ ገመድ ሁለት ጫፍ በቁጥርም በቦታም አንድ ዓይነት ብጥ። እኔ የራያ ልጅ ነኝ ባይ ሃያ ስድስቱንም ጆሮ በፕላስተር አሠርኩት!

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 4

ፕላስተር ስልጥ ዋልኩ፤ ጥፍሬ አለቀ። ዘሀራ ከጎኔ ተቀምጣ "ይሄ የዚያኛው ቤት ነው" እያለች ጫፍ ከጫፍ ታገናኛለች። ለካ ከዑመር በኋላ የነካካት ሰው ጫፎቹን ያለ ቤታቸው ሰክቷቸው ኖሯል። ሁለት ጊዜ ተጨቃጨቅን፤ ሁለቱንም ጊዜ እሷ ልክ ነበረች። አራተኛው ሪሌይ የማራገቢያው ሆኖ ተገኘ። ዑመርን በማማቴ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 5

ተነሳች! አንዴ አስነጠሳት፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰበሰብ ድረስ አገሳች። ዘሀራ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም። ካድሬውን ሮቢት ድረስ ይዤው ሄጄ ተመለስኩ፤ ባርኔጣው በነፋስ ተወሰደ፤ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። "ማን ረዳህ?" አለኝ። ማንም፣ አልኩት። የዘሀራ ስም እሱ ዘንድ እንዲታወቅ አልፈለግኩም።

ዓርብ፣ መስከረም 1

ሁሴን ተፈታ። ካድሬው ራሱ ቤት ድረስ አመጣልኝ። "ቃሌን ጠበቅኩ" አለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ሁሴን ወደ ውስጥ ሲገባ እኔን ወደ በሩ ሳበኝ።

"ነገ ሰልፉ እንዳለቀ መኪናዋ ደሴ ትሄዳለች። አለቆች ሰምተዋል። አንተም አብረሃት ነህ። ያንን ገመድ ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።"

"ለስንት ቀን?"

"መኪናዋ እስከሠራች ድረስ።"

ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን? ሌላም የሚያውቅ አለ ብል ዘሀራን ሊወስዱብን ነው። መኪናዋ ብትበላሽ አሻጥር ነው፤ ካልተበላሸች ደግሞ አልመለስም። እኔ ሞኙ ዕድሜ ልኳን እንዳትቆም አድርጌ ነው የሠራኋት።

ሁሴን ገና አልሰማም። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዘሀራ ራሱን እያጠበችው ነው፤ ውሃው ቀዘቀዘኝ እያለ ይስቃል። ምሳውን ይብላ፤ ከዚያ እነግረዋለሁ።