የባክቴሪያን ወሬ ያቋረጠች ልጃችን

እህት ዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ልጄ፣ ኧረ ልጃችን፣ ዛሬ የምርምር ሥራዋን በመምህሮቿ ፊት አቀረበች።

መብራቱን አስጠፍታ ሁለት ብልቃጥ አሳየችን። በሁለቱም ያሉት አንድ ዓይነት የባሕር ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ብልቃጥ ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፤ ሌላው ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«የጨለሙት ሞተዋል?» አሉ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር።

«በሕይወት አሉ፤ ቁጥራቸውም እኩል ነው። ባክቴሪያዎች የሚነጋገሩት በሚለቁት ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ሲበረክት መብዛታቸውን ያውቁና ባንድ ላይ ያበራሉ። የነዚህን ግን ኬሚካሉን እንዳይለዩ ጆሯቸውን ደፈንኩባቸው።»

«ለሰው ምን ይጠቅማል?»

«ቁስል ውስጥ የሚገቡትም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ጥቂት ሳሉ ያደፍጣሉ፤ ሲበዙ ተጠራርተው መርዛቸውን ይለቃሉ። ወሬያቸውን ብናቋርጥ ሰውነት የመዋጊያ ጊዜ ያገኛል።»

የኛ የሆስፒታል ክፍል ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ጠዋት አጥበን ንጹሕ ነው ያልነው ቁስል ማታ አመርቅዞ፣ ለመድኃኒት አልበገር ብሎ ሲያስለቅሰን ታየኝ።

«ይህን ጥያቄ ከየት አመጣሽው?» አሏት በመጨረሻ።

«ከእናቶቼ» አለች። «ሁለት ነርሶች ናቸው። አንዷ ተረኛ ስትሆን ሌላዋ ነበረች የምታሳድገኝ። እራት ላይ እንኳ ወሬያቸው ስለ ቁስል ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በእጇ ወደ እኔ ስታመለክት ብድግ አልኩ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ላንቺም ጭምር ቆምኩ።

የወረቀቱ ቦታ ጠበበኝ። ለባልሽ፣ ለክፍላችን ባልደረቦች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ላንቺ ግን እሷ ራሷ አሁን ከጎኔ ሆና «እማዬን ሳሚልኝ» እያለች ነው።

የፈረቃ ጓደኛሽ